በጭንብሉና በጉንጩ መሃል

ሥራ የጀመርኩት ሰቆጣ ሆስፒታል፣ ራጅ ክፍል ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አለቃዬ አቶ አዳነ ጨረር የሚከላከለውን ከባዱን የእርሳስ ሽርጥ ከመስቀያው አውርደው ትከሻዬ ላይ ጣሉብኝና «ከበደሽ?» አሉኝ። «ኧረ አልከበደኝም» አልኩ። «ዋሸሽ። ግን ትለምጂዋለሽ» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

የዚያን ቀን የመጀመሪያው ታካሚ ከአበርገሌ ቆላ የመጣ፣ በቅሎ ግንባሩን የረገጠችው ገበሬ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁት፤ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ በአሸዋ ከረጢት ደገፍኩ፤ «እንዳትነቃነቅ» ብዬ ከመከለያው ጀርባ ገባሁና ቁልፉን ተጫንኩ። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ አቶ አዳነ ብርሃኑ ላይ ሰቅለው አዩት።

«ይህ ሰው ሁለት መንጋጋ አለው እንዴ?»

«ተነቃንቆ ነው።»

«አትነቃነቅ ብለሽዋል?»

«ብዬዋለሁ።»

«በአማርኛ?»

አቶ አዳነ የደሴ ሰው ናቸው፤ የዋግን ቋንቋ፣ ኽምጣናን፣ አይሰሙም። እኔ ግን ከእናቴ ጋር የማወራው በኽምጣና ነው። ተመልሼ ገባሁና በሰውየው ቋንቋ ምን እንደማደርግ፣ ማሽኑ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ትንፋሹን መቼ እንደሚይዝ ነገርኩት። ሁለተኛው ፊልም ጥርት ብሎ ወጣ። ግንባሩ ተሰንጥቆ ነበር።

ሰቆጣ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ከራጅ በኋላ ሲቲ ስካን ተማርኩ፤ ከዚያ ለጨረር ሕክምና ትምህርት አዲስ አበባ ተላክሁና አንድ የጨረር ሕክምና ማዕከል ውስጥ ተቀጠርኩ። እዚያ የገጠመኝ ሥራ ከበፊቱ የከበደ ነበር። ራጅ ክፍል እያለሁ ፎቶ ከተበላሸ ደግሜ አነሳ ነበር። ጨረር ግን አንዴ ከተለቀቀ አይመለስም።

ለአዲስ ሰው ላስረዳ። ሐኪሞቹ «የጨረር ቀዶ ሕክምና» የሚሉት ነገር አለ። ቢላ የለውም፣ ደም የለውም። ብዙ ቀጫጭን ጨረሮች ከየአቅጣጫው መጥተው ጭንቅላት ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ብዙም አይጎዳም፤ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው ዕጢ ግን ይመታል። ስለዚህ ጭንቅላቱ የት እንዳለ በሚሊ ሜትር ማወቅ ግድ ነው።

መጀመሪያ እንደ ወንፊት የተበሳሳ የፕላስቲክ ሉህ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረን እናለሰልሳለን። በታካሚው ፊት ላይ ስንዘረጋው ሲበርድ የፊቱን ቅርጽ ይዞ ይደርቃል። ጭንብል እንለዋለን፤ ጠርዙ አልጋው ላይ ይቆለፋል። ታካሚው ያንን እንዳደረገ ሲቲ ስካን ይነሳል። የሲቲውን ምስል ከኤምአርአዩ ጋር እናደራርበዋለን፤ አንዱ አጥንቱን፣ ሌላው ነርቩንና ዕጢውን አጥርቶ ያሳያል። ሐኪሟ የዕጢውን ዳርቻ ታሰምራለች፣ ፊዚሲስቱ የጨረሩን መንገድ ያሰላል። በሕክምናው ዕለት ደግሞ የጨረር ማሽኑ ራሱ፣ ታካሚው እንደተኛ፣ ሌላ ምስል ያነሳል። የዛሬውን ከፊተኛው ጋር አጋጥመን እናያለን።

የኔታ ክንፉ ወደ እኛ የመጡት ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ነው። በደሃና፣ ከአምደወርቅ ወዲያ ባለ አንድ የገጠር ደብር የዜማ መምህር ናቸው። ይዛቸው የመጣችው ልጃቸው ዝናሽ ናት፤ ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች፣ ፈጣንና ቆፍጣና ሴት። አባቷን እስከ መኪና መንገዱ በበቅሎ፣ ከዚያ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣ በአውቶቡስ እያሳረፈች አመጣቻቸው።

የማዕከሉ ሐኪም ዶክተር ሰናይት አስጠራችኝ። «እታገኝ፣ ያገርሽ ሰው መጥተዋል። እኔ የምላቸውን በደንብ እየሰሙኝ አይመስለኝም። ነዪ፣ አብረሽኝ ሁኚ» አለችኝ።

ስገባ የኔታ ቀኝ ጎናቸውን ወደ ሐኪሟ አዙረው፣ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ግራ ጆሯቸው በልጅነታቸው መግል ይዞት መስማት አቁሟል። የሚሰሙት በቀኙ ብቻ ነበር። አሁን ቀኙም ይጮህባቸው ጀመር፤ ሲራመዱም ወደ ጎን ይጥላቸዋል። ኤምአርአዩ ምክንያቱን አሳይቷል፤ በዚያችው በደህነኛዋ ጆሮ በኩል፣ የመስሚያው ነርቭ ላይ ዕጢ በቅሏል።

«ክፉ ዕጢ አይደለም» አለች ዶክተር ሰናይት። «ግን እያደገ ነው። ከተውነው አንጎልዎን ይጫናል። በቢላ ብናወጣው ጆሮዎ አብሮ የመሄዱ ነገር ያሰጋል። በጨረር ከሆነ ሊተርፍ ይችላል። በእርግጠኝነት ግን ልነግርዎ አልችልም።»

እኔ ጠጋ ብዬ በኽምጣና ደገምኩላቸው። የኔታ ቀና ብለው አዩኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቴንና የአያቴን ስም ነገርኳቸው። አጎቴ ያገለገለበትን ደብር ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያውቁታል።

«ቀለሙ ሁሉ ያለው እዚህ ነው» አሉ ግንባራቸውን እየነኩ። ቀጥለው ጣታቸውን ወደ ቀኝ ጆሯቸው አወረዱ። «ተማሪው ሲስት የማውቀው ግን በዚህች ነው። ምልክቱን በዓይኔ አየዋለሁ፤ ዜማ የሚታረመው በጆሮ ነው። ይህቺ ከሄደች እኔ ምን እሠራለሁ?»

ዶክተር ሰናይት «እንሞክር» ብቻ አለች።

ጭንብሉን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ጥምጣማቸውን ዝናሽ ተቀበለች። ጢማቸውን አልቆረጥንም፤ አርጥበን ወደ ታች ደፈጠጥነው። ትኩሱ ሉህ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ እጄን ጨምድደው ያዙ። «ይበርዳል የኔታ፣ አሁኑኑ ይበርዳል» እያልኩ ቆየሁ። ደርቆ ሲወጣ የቅንድባቸው ጉብታ ሳይቀር ታትሞበታል። ሲቲው ተነሳ፣ ከኤምአርአዩ ጋር ተደራረበ፣ ዕቅዱም ተሠራ።

ከዚያ ማሽኑ ተበላሸ።

መለዋወጫው ከውጭ አገር እስኪመጣ ሁሉም ታካሚ ተንጠለጠለ። ኮሪደሩ ላይ በየቀኑ ሰው እየመጣ ይጠይቃል፤ እኛም «ገና ነው» እንላለን። የኔታና ዝናሽ አንድ ዘመዳቸው ቤት ተጠግተው ይጠብቁ ነበር። ዶክተር ሰናይት እንዲበሉ ለመነቻቸው፤ «ልጄ፣ ይህን ጾም ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤዋለሁ» አሏት። ዝናሽ ለብቻዋ ስታገኘኝ፣ «የሚቀምሱት ከሰርክ ጸሎት በኋላ ነው፤ እሱንም እንደ ወፍ» አለችኝ።

ማሽኑ ሲሠራ ሆሳዕና ተቃርቦ ነበር። የኔታ ሕክምናውን ጨርሰው ለበዓሉ ደብራቸው ሊደርሱ ቸኩለዋል። ኮሪደሩ ላይ እግር ማሳረፊያ የለም። ሁሉም ወረፋው ዛሬ እንዲሆን ይፈልጋል።

የኔታን አስተኛሁ፤ ጭንብሉን አድርጌ መቆለፊያዎቹን ዘጋሁ። ቀጭ፣ ቀጭ ብለው በቀላሉ ገቡ። ያ ቅለት ደስ አላለኝም። በጭንብሉና በጉንጫቸው መሃል ትንሿን ጣቴን አስገባሁ። ገባች። ጭንብሉ በተሠራ ዕለት ወረቀት እንኳ አያሳልፍም ነበር።

ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ወጥቼ ለዶክተር ሰናይትና ለፊዚሲስቱ ለቴዎድሮስ ነገርኳቸው። «ከስተዋል። ጭንብሉ ላልቷል።»

«እስቲ ምስሉን እንይ» አለ ቴዎድሮስ። ማሽኑ ዞሮ አነሳ። የዛሬው የራስ ቅል ከፊተኛው ላይ ሲደረብ አገጩ ወደ ታች ወርዷል፣ ራሱም ትንሽ ዘምሟል። ቴዎድሮስ አልጋውን በማሽኑ አስተካከለና ደግሞ አነሳ። አጥንት በአጥንት ላይ ተኛ።

«ገጠመ» አለች ዶክተር ሰናይት።

«አሁን ገጥሟል» አለ ቴዎድሮስ። «ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆያል ወይ ነው ጥያቄው። ትንሽ ጠብቀን እንደገና እናንሳ።»

ጠበቅን። ከክፍሉ ውስጥ በድምፅ ማጉያው ዝቅተኛ ማጉረምረም ይሰማል። የኔታ ዳዊት እየደገሙ ነው። በካሜራው አገጫቸው ጭንብሉ ውስጥ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። ሦስተኛው ምስል መጣ፤ ጭንቅላቱ ተንሸራቷል።

ገባሁና «የኔታ፣ ለጥቂት ጊዜ ከንፈርዎን ያሳርፉ» አልኳቸው። ዝም አሉ። እንደገና አነሳን። ምራቅ በዋጡ ቁጥር ራሳቸው ይንቀሳቀሳል። የሚይዘው ነገር የለም።

ዶክተር ሰናይት ክንዶቿን አጣጥፋ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። «ከዕጢው ዳር እስከ መስሚያው አካል ያለው ርቀት ስንት ነው?»

ቴዎድሮስ ለካ። «አሁን የተንሸራተቱትን ያህል ነው» አለ።

ከበሩ ውጪ ሰው ይጣራል፤ «የኛ ተራ መቼ ነው?» የሚል የሴት ድምፅ ይሰማኛል። ዶክተር ሰናይት ወደ እኔ ዞረች።

«ዛሬ አይሰጥም። አዲስ ጭንብል፣ አዲስ ሲቲ፣ አዲስ ዕቅድ። አንቺ ንገሪያቸው።»

ጭንብሉን ስፈታላቸው የኔታ ተነስተው ተቀመጡ። «አለቀ?» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ተስፋ ነበር። ያንን ፊት እያየሁ «አልተጀመረም» ማለት ነበረብኝ። በኽምጣና አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ መቋሚያቸውን ጠየቁ።

«አገሬ እገባለሁ» አሉ። «ተማሪዎቼ ሜዳ ላይ ናቸው። ጾሙ አለቀ፣ በዓሉ ደረሰ፣ እኔ እዚህ በር ለበር እንከራተታለሁ። እግዜር ያወቀውን ያድርግ።»

ዝናሽ ኮሪደሩ ላይ ስታገኘኝ ድምፅዋን አልቀነሰችም። «ሽማግሌ ታመላልሳላችሁ! ማሽኑ ተበላሸ ስትሉ ጠበቅን። ዛሬ ደግሞ ምን ተበላሸ ልትሉን ነው? እሳቸው መክሳታቸው ነው እንዴ ጥፋቱ?» ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩን።

እውነቷን ነው። አባትና ልጅ በግቢው በር ሊወጡ ሲሉ ተመልሼ ገባሁና ጭንብሉን ይዤ ሮጥኩ። ከጥበቃ ቤቱ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ነበር። «የኔታ፣ አንድ ጊዜ ይቀመጡልኝ። ከዚያ ከሄዱም ይሂዱ» አልኳቸው።

ተቀመጡ። ጭንብሉን ፊታቸው ላይ አደረግሁና ጠርዙን በእጄ ያዝኩ። «አሁን ጣትዎን በጉንጭዎ በኩል ያስገቡ።»

አስገቡ። አወጡና ጣታቸውን አዩት። እንደገና አስገቡ።

«ስንሠራው ይህ ክፍተት አልነበረም» አልኩ። «ጨረሩ በዚህ ልክ ቢስት የሚያገኘው ዕጢውን አይደለም። መስሚያዎን ነው።»

ጭንብሉን ከእጄ ተቀብለው ከፊታቸው አወረዱ።

«ጾሜ ነው ያከሳኝ?»

«ጾሙም ነው፣ መቆየቱም ነው። ማሽኑ ባይበላሽ ይህ አይመጣም ነበር። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

«ጾሜን ፍታ ልትሉኝ ነው?»

እዚህ ላይ ዶክተር ሰናይት ከኋላዬ መጥታ ነበር። መምጣቷን አላየሁም። «አንልዎትም» አለች። «እርስዎ ካልተለወጡ እኛ እንፍጠን። ጭንብሉን ዛሬውኑ እንሠራለን። ፊትዎ ሌላ ለውጥ ሳያደርግ ሕክምናውን እንሰጣለን።»

የኔታ ተራ በተራ አዩን። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ዝናሽ፣ ለሊቀ ዲያቆኑ ደውይለት። ሆሳዕናን እነሱ ይቁሙት በይው።»

ዝናሽ ስልኩን አውጥታ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየሁ።

ጭንብሉን በዚያው ቀን ሠራን። ቴዎድሮስ ሌላ ሥራውን ትቶ ዕቅዱን እንደ አዲስ አሰላ፤ ዶክተር ሰናይት እያንዳንዱን የምስል ሽፋን እያገላበጠች የዕጢውን ዳር በድጋሚ አሰመረች። የመስሚያው አካል በሌላ ቀለም ተከበበ፤ ጨረሩ እንዲሸሸው።

በሕክምናው ቀን ጭንብሉን ስቆልፍ ጣቴ አልገባም። ሁለቴ ሞከርኩ።

«የኔታ፣ ዳዊቱን በልብዎ ይበሉት።»

«ሌላውን በልብ እላለሁ» አሉኝ በጭንብሉ ውስጥ፣ ቃላቸው ታፍኖ። «ዜማው ነው አላስችል የሚለኝ።»

«ለዛሬ ያለ ዜማ ይሁን። የሚፈልጉት ነገር ካለ ይህን እጅዎን ያንሱ፤ አፍዎን እንዳይከፍቱ።»

ወጣሁ፤ ከባዱ በር ተዘጋ። ምስሉ ተነሳ፤ ገጠመ። ጠብቀን ደግመን አነሳን፤ ገጠመ። ዶክተር ሰናይት ፈረመች፤ ቴዎድሮስ አየኝ፤ እኔ ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ በየኔታ ራስ ዙሪያ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ።

ግማሽ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

ስክሪኖቹ በባትሪ ቆዩ፣ ማሽኑ ግን ቆመ። ጨረሩ ተቋርጧል። የሕክምና ክፍሉ ካሜራ ጨለመ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ ለእኔ ግን አላልቅ አለች። ሰውዬው እዚያ ውስጥ፣ በጨለማ፣ ራሳቸው አልጋ ላይ ተቆልፎ አሉ። ቢደነግጡ፣ ቢገላበጡ፣ የገጠመው ሁሉ ይፈርሳል፤ ግማሹ ጨረር ደግሞ ገብቷል።

ማይክሮፎኑ በባትሪ ይሠራ ነበር። በኽምጣና ተናገርኩ። «የኔታ፣ መብራት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። እኔ እዚሁ ነኝ። ጨረሩ ቆሟል። መብራቱ እስኪመጣ እንዳሉ ይሁኑ።» ይመልሱልኛል ብዬ አልጠበቅሁም፤ አፋቸውን እንዳይከፍቱ ነግሬያቸዋለሁ። የሚሰሙባት ጆሮ ያቺው አንዷ ናት፤ መስማታቸውንም አላውቅም። ዝም ብዬ ተናገርኩ። ስለ ምን እንዳወራሁ ትዝ አይለኝም።

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ካሜራው ሲበራ የኔታ እንዳስተኛኋቸው ናቸው። እጃቸው ጎናቸው ላይ ተዘርግቷል። ቴዎድሮስ ማሽኑን ከቆመበት ለማስነሳት አዘጋጀና፣ «መጀመሪያ ምስል» አለ። አነሳን። ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ ተደፋን።

አጥንቱ በአጥንቱ ላይ ነበር። ንቅንቅ አላሉም።

«ቀጥሉ» አለች ዶክተር ሰናይት። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ቆማ ነበር የቆየችው።

ሲያልቅ ጭንብሉን ፈታሁላቸው። የወንፊቱ ቀዳዳ ግንባራቸውና ጉንጫቸው ላይ ታትሟል። «ይኸው ነው?» አሉኝ። «ይኸው ነው።» «ምንም አልተሰማኝምኮ።» «መሰማት የለበትም፣ የኔታ።» ዝናሽ ጥምጣማቸውን ጠመጠመችላቸው።

የዚህ ሕክምና ክፋቱ ውጤቱ ቶሎ አለመታወቁ ነው። ወራት መጠበቅ ነው። የኔታ ትንሣኤን ደብራቸው ሆነው ዋሉ፤ ዝናሽ ደውላ ነገረችኝ። በመጀመሪያው ክትትል መስማታቸው እንደነበረ ነው። በሚቀጥለው ቀንሶ ተገኘ፤ ዶክተር ሰናይት የጆሮ ምርመራውን ውጤት ስታይ ፊቷ ሲጨልም አየሁ። ነርቩ አብጦ ሊሆን እንደሚችል፣ ሊረግብም ላይረግብም እንደሚችል ነገረቻቸው። ለመድኃኒት ተመላለሱ። ከዓመት በኋላ በተነሳው ኤምአርአይ ዕጢው ማደጉን አቁሟል፤ መሃሉም ጠቁሯል፣ እየሞተ ነው ማለት ነው። ስለ ጆሮው ግን ምስል አይነግርም።

ባለፈው ፈቃዴን ስወጣ ሰቆጣ እናቴን ጠይቄ ወደ ደሃና ወረድኩ። ከመኪና መንገዱ በኋላ የገብሱን ማሳ ዳር ዳር ይዤ በእግሬ ተጓዝኩ። ደብሩ ስደርስ የኔታ ከቤታቸው ደጃፍ፣ የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ጢሙ ያቀመቀመ አንድ ደቀ መዝሙር ከቀኛቸው ቁጭ ብሎ የዜማ ትምህርቱን ይቀጽላል። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ። ለኔ ጆሮ ደህና አድርጎ ነበር የሚለው። የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ።

«እዚያ ላይ ጣልከው። መልስና አንሳ።»

መለሰ። እንደገና መሬቱን መቱ። በሦስተኛው ራሳቸውን ነቀነቁና አሳለፉት።

ሰላም ተባብለን ከተቀመጥን በኋላ ስለ ጆሯቸው ጠየቅኳቸው።

«የጸናጽሏ ቀጭን ድምፅ አሁን አትመጣልኝም» አሉኝ። «የወፍ ድምፅም እንደዚሁ። ሄዷል። የሰው ድምፅ ግን አለ፤ ከቀኜ ካስቀመጥኩት ይበቃኛል።»

«ያዝናሉ የኔታ?»

«በጸናጽሏ አዝናለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ ተማሪው ዞረው፣ «ቀጥል» አሉት።

ለአዲስ ባልደረቦቼ የምነግራቸው ይህን ነው። የታካሚው ጭንቅላት ዛሬ አልጋው ላይ ያለው ነው፤ ባለፈው ወር ስካን ውስጥ ያለው አይደለም። ሰው ይከሳል፣ ያብጣል፣ ይፈራል፣ ይጸልያል። ሁልጊዜ የዛሬውን አንሱ። ካልገጠመ፣ ኮሪደሩ ላይ ማንም ይጠብቅ፣ አትጀምሩ።